በርት ዊሊያምስ፣ «አቢሲኒያ» እና ሰው ያነታረከው ክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሰው ምላሽ እየደረደረ የሚከራከርበት የውይይት ክር አለ፤ የተከፈተው በአንድ ፎቶና በአንድ ጥያቄ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ጥቁር ነው። ጥቁርነቱ አልበቃ ብሎ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ ለቅልቆታል፤ ከንፈሩን በቀለም አስፍቶታል። ኮቱ ያረጀ፣ ጫማው የሌላ ሰው እስኪመስል የሰፋ ነው። ስሙ በርት ዊሊያምስ ይባላል። የቮድቪል፣ ማለትም ልዩ ልዩ አጫጭር ትርኢት በየተራ የሚቀርብበት መድረክ፣ ኮሜዲያን ነበር፤ በኋላም ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ተውኗል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ይህ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በ1906 ኒውዮርክ ላይ «አቢሲኒያ» የተባለ ሙዚቃዊ ቲያትር ሠርቷል። ዐፄ ምኒልክም በቲያትሩ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆነው ወጥተዋል። ታዲያ በዚህ እንኩራ ወይስ እንፈር? ጠያቂው ራሱ ወደ ማፈሩ ያጋደለ ነበር። የገዛ ወገኑን መሳለቂያ ያደረገ ሰው የአድዋውን ንጉሥ መድረክ ላይ ለማውጣት ምን መብት አለው ባይ ነው።

ከሥሩ ከ40 በላይ ምላሽ ተደርድሯል። አንዳንዱን በዝርዝር፣ አንዳንዱን እየዘለልኩ እተርካለሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን የኛ ናቸው ካላልኩ በቀር የፈረንጅ አድርጋችሁ አንብቡ። ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንዳሳሰበኝ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

1ኛውን ምላሽ የሰጡት ቲያትር ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ አንጋፋ ናቸው። በትሕትና ጀመሩ። ጠያቂውን አመሰገኑ፤ ከመፍረዳችን በፊት ሰውየውን እንወቀው አሉና ታሪኩን አስቀመጡ። ዊሊያምስ በ1874 ባሃማስ፣ ናሳው ከተማ ተወለደ። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ካሊፎርኒያ፣ ሪቨርሳይድ አደገ። በ1893 ሳንፍራንሲስኮ ላይ ጆርጅ ዎከር የሚባል የካንሳስ ልጅ አገኘና ሁለቱ ተጣመሩ። መጀመሪያ ላይ የሚያስቀው ዎከር ነበር፤ ዊሊያምስ ቁም ነገረኛውን ይጫወት ነበር። ሳቁ አልመጣ ሲል ቦታ ተለዋወጡ። ዎከር ዘናጭና አፈ ጮሌ ሆነ። ዊሊያምስ ደግሞ ቀርፋፋ፣ ዕድል የከዳው፣ የያዘው ሁሉ የሚጣመምበት ሰው ሆነ። ቡሹንም ተቀባ። ከዚያ ወዲያ አዳራሹ በሳቅ ይናጥ ጀመር።

አንጋፋው አንድ ነገር ጨመሩ። መድረክ ላይ የሚናገረው የአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች አነጋገር የራሱ አልነበረም። እሱ የካሪቢያን ልጅ ነው። ያንን አነጋገር እንደ ባዕድ ቋንቋ ተቀምጦ ነው ያጠናው። ይህቺ ነጥብ ያን ጊዜ ማንም ልብ ሳይላት አለፈች። በኋላ ግን ብዙዎች ተመልሰው መጡባት።

2ኛው መላሽ ቸኩሏል። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ስለሆነ ቲያትሩ የወጣው በሐዘን ዓመት ነው፣ ነውር ነው ብሎ ጻፈ። 3ኛው በጨዋ ደንብ አረመው። ምኒልክ ያረፉበት 1906 የኛ ነው፤ በፈረንጁ 1913 መሆኑ ነው። የቲያትሩ 1906 ደግሞ በእኛ 1898 ላይ ይውላል። ንጉሡ ያኔ በሕይወት ነበሩ፣ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ስንቱን ሰው አነታርኳል!

4ኛዋ መላሽ ከዚሁ ተነስታ ነገሩን አሰፋችው። «አቢሲኒያ» የተከፈተው በየካቲት 20 ቀን 1906፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ማጀስቲክ ቲያትር ነው። አድዋ 10 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ ልዑክ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራርሟል። ስለዚህ የንጉሡ ስም ለአሜሪካ ጋዜጣ አንባቢ እንግዳ አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥቁር አርቲስት ጥቁር ንጉሥን በክብር መድረክ ላይ ላውጣ ካለ ከምኒልክ ሌላ ማንን ያወጣል ስትል ጠየቀች። ከ4ኛው በታች የምስጋና ምልክቶች ተኮልኩለዋል። ይገባታል።

5ኛዋ ቲያትር የምታጠና ተማሪ ናት። ታሪኩን ነገረችን። የካንሳስ ሰዎች ናቸው። ዎከር የሚጫወተው ሰው ሎተሪ ይደርሰውና ወዳጅ ዘመዱን ሰብስቦ ወደ አፍሪካ ይጓዛል። ዊሊያምስ ቢሄድም ባይሄድም ጣጣ የማያጣው ጓደኛው ነው። አቢሲኒያ ሲደርሱ በስርቆት ይጠረጠራል። ቅጣቱ እጅ መቆረጥ ነው። ፍርዱ የሚታወቀው በደወል ነው፤ ደወሉ ስንት ጊዜ እንደተመታ ቆጥሮ ይማር ወይም ይቆረጥ እንደሆነ ያውቃል። ዊሊያምስ እዚያች ቦታ ላይ ምንም አይናገርም። ቆሞ ደወሉን ይቆጥራል። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ የሚስቀው ይሄኔ ነው። ተማሪዋ ከቲያትሩ ሁሉ የወደደችው ይህንኑ ነው፤ ሰውየው ገና ፊልም ሳይነካ የፊልም ተዋናይ ነበር ብላለች።

እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። 6ኛው መላሽ እጅ መቁረጥ የሚለውን ሲያነብ ደሙ ፈላ። ፈረንጅ ስለ አረመኔ አፍሪካ የሚያወራውን ጥቁሮቹም ደገሙት አለ። 7ኛው ደግሞ ለስለስ የሚል ሰው አይደለም። ታሪክ አንብብ ብሎ ጀመረ፤ ሌባ መቁረጥ በአገራችን የነበረ ቅጣት መሆኑን፣ ለጣሊያን ተዋግተው ከአድዋ በኋላ የተማረኩት የኤርትራ አስካሪዎች ምን እንደደረሰባቸው አስታወሰው። 6ኛው በ8ኛው ምላሽ ተመለሰበት። 9ኛውና 10ኛው ወገን ለይተው ገቡ። ስለ በርት ዊሊያምስ የሚያወራ ጠፋ። በ11ኛው አድሚኑ ብቅ ብሎ የአድዋ ክር ሌላ ቦታ አለ፣ እዚህ ስለ ቲያትሩ ተነጋገሩ አለ። ትክክል ነው። 7ኛው ሰው ያነሳው ግን እውነት ነው፤ በእውነቱ ላይ መቆጣት አይጠቅምም።

በ12ኛው ምላሽ አየሩ በረደ። ቮድቪል ምን እንደሆነ ለማያውቅ አስረዳ። በአንድ ምሽት ዘፋኝ፣ አክሮባት፣ አስማተኛ፣ የሠለጠነ ውሻ፣ ኮሜዲያን በየተራ ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ደቂቃ ጥቂት ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ሰው ካልሳቀ በሚቀጥለው ከተማ ሥራ የለም። አርቲስቱ በባቡር ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ያንኑ ትርኢት በመቶ መድረክ ላይ ይደጋግማል። ሲደጋግም ይጠራል። የትኛዋ ቅንድብ መቼ ከፍ እንደምትል ሳይቀር ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹ የፊልም ኮሜዲያኖች አብዛኞቹ ከዚህ ቤት ነው የወጡት፤ ካሜራ ፊት የቆሙት ተሠርቶ ያለቀ ጨዋታ ይዘው ነው።

13ኛው መላሽ ጥያቄውን ወደ ቡሹ መለሰው። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁርን ሲያሾፉ ዘመናት ተቆጥረው ነበር። ጥቁሮች መድረክ ሲፈቀድላቸው የጠበቃቸው ይኸው የተዘጋጀ ቅርጽ ነው፤ ተመልካቹ የለመደውን ፊት ካላየ አይስቅም። እንግዲህ ሰውየው ምን ያድርግ አለ። 14ኛው አልተዋጠለትም። ሌላ ሥራ ይሥራ ብሎ በአንድ መስመር ዘጋ።

15ኛው ዎከርን በምስክርነት ጠራ። ዎከር በ1906 በአንድ የቲያትር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ጉዳዩን ራሱ አንስቶታል። ነጩ ጥቁርን መስሎ ይቀልዳል፤ ጥቁሩ ተነስቶ ያንን ነጭ ይመስላል፤ ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው የሚል ነው ሐሳቡ። ስለዚህ ሰዎቹ የሚሠሩትን ያውቁ ነበር። ገመዱ አንገታቸው ላይ እንዳለ እያወቁ ነበር የሚጫወቱት። እኔ ይህን ምላሽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከዚህ በኋላ አላወቁም ነበር ብሎ ማዘንም፣ አልገባቸውም ብሎ መናቅም አይቻልም።

16ኛው የሳንፍራንሲስኮውን የ1894 ኤግዚቢሽን ታሪክ አመጣ። ከዳሆሜ፣ ከዛሬዋ ቤኒን ማለት ነው፣ ሊመጡ የነበሩ ሰዎች ዘገዩ። ዊሊያምስና ዎከር ተቀጥረው የዳሆሜ ሰው ሆነው ተውኑ። እውነተኞቹ ሲመጡ እነሱ ተሰናበቱ። ነገር ግን እየተመላለሱ አፍሪካውያኑን ያዩ ነበር። ዎከር እንደጻፈው፣ ስለ አፍሪካ የራሳችን የሆነ ነገር እንሥራ የሚለው ሐሳብ የተጠነሰሰው እዚያ ነው። ከዚያ በ1903 «ኢን ዳሆሜ» መጣ፤ ጥቁሮች ጽፈው ጥቁሮች የተጫወቱት ሙሉ ሙዚቃዊ ቲያትር በብሮድዌይ፣ በኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር፣ ትልቅ ቤት የገባበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ለንደን ሄዶ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ታየ። «አቢሲኒያ» የእሱ ታናሽ ነው። ለማሳየት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ስለነበር ኒውዮርክ ላይ 31 ጊዜ ብቻ ታየ። ሐያሲዎቹ ከጥቁሮቹ የጠበቁት የለመዱትን ቀልድ ነበር፤ የቀረበላቸው ግን ቤተ መንግሥትና ንጉሥ ነው።

17ኛዋ አጭር ግን ጥሩ ነገር ጣል አደረገች። ዊሊያምስ ብዙ የሚያነብ ሰው ነበር። በመጻሕፍቱ መካከል ጆን ኦጊልቢ በ1670 ያሳተመው ስለ አፍሪካ የሚያወራ ትልቅ መጽሐፍ ይገኝበት ነበር። ዊሊያምስ በዚህ መጽሐፍ የባቡር አስተናጋጅ ሆኖ የሚሠራ ጥቁር ሁሉ የንጉሥ ዘር መሆኑን ማስረዳት እችላለሁ ይል ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ምኒልክን መድረክ ላይ ያወጡት ለማሾፍ ነው የሚለውን ክስ እንደገና ያስብበት ብላ አለፈች።

ከ18 እስከ 22 ያለው ከመንገድ የወጣ ነው። አንዱ ጥንድ ኮሜዲያን ሲባል ደረጄና ሀብቴ ትዝ አሉት። ሌላው ልመንህንና አለባቸውን አነሳ። ከመካከላቸው ማን ዎከር ነው፣ ማን ዊሊያምስ ነው በሚል ክርክር 5 ምላሽ ሄደ። ደስ የሚል ጨዋታ ነበር። ከሁሉም የተረፈችኝ አንዲት ነጥብ አለች። ጥንድ ሲሠራ የሚታየው አስቂኙ ነው፤ ሳቁን ቆሞ የሚያዋልደው ግን ሌላው ነው። ለዚህም ነው አንዱ ሲሞት ሌላው መድረክ ላይ እጁ ባዶ የሚሆነው።

ይህቺ ነጥብ ክሩን ወደ ቦታው መለሰችው። 23ኛው መላሽ ዎከር በ1909 ታሞ ከመድረክ መውረዱን፣ በ1911 መጀመሪያ መሞቱን ጻፈ። ዊሊያምስ ብቻውን ቀረ። በ1910 የትርኢት አዘጋጁ ፍሎረንዝ ዚግፌልድ ለ«ፎሊስ» ትርኢቱ ቀጠረው። ፎሊስ በብሮድዌይ እጅግ ያሸበረቀው የነጮች ትርኢት ነው። ከአርቲስቶቹ መካከል ከጥቁር ጋር አንሠራም ያሉ ነበሩ። ዚግፌልድ አልሰማቸውም። ዊሊያምስ እስከ 1919 ድረስ ጥቂት ዓመት እየዘለለ እዚያው ሠራ። በ1911 ከሊዮን ኤሮል ጋር የተጫወቱት ዝነኛ ነው። ገና እየተሠራ ባለ የግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ብረት ላይ ሁለቱ በገመድ ታስረው ይሄዳሉ። ኤሮል ይንሸራተታል። ዊሊያምስ ወሬውን ሳያቋርጥ ይጎትተዋል።

24ኛው መላሽ ግን ጥርሱን አግጦ መጣ። ዊሊያምስ የራሱን ጥቁር ኩባንያ ጥሎ ለነጭ ብር አደረ ብሎ ከሰሰ። ሸጠን የሚል ቃል ተጠቀመ። 25ኛው ደግሞ በዚያው ቋንቋ መለሰለት፤ አንተ ዛሬ ለማን ነው ተቀጥረህ የምትሠራው ብሎ ጠየቀው። 26ኛውና 27ኛው ተሰዳደቡ፤ አድሚኑ ሁለቱንም ሰርዟቸዋል፤ ቁጥራቸው ብቻ ነው የቀረው። 28ኛዋ በእርጋታ የሥራውን ሁኔታ አስረዳች። መድረክ ላይ ከነጭ ሴት ጋር ብቻውን አይታይም። ትርኢቱ ወደ ደቡብ ሲሄድ እሱ አይሄድም። ከአገሪቱ ውድ ተከፋይ ኮሜዲያኖች አንዱ ሆኖ ሳለ በየሆቴሉ በዕቃ ሊፍት እንዲወጣ ይነገረው ነበር። አብሮት የሠራው ኤዲ ካንተር በኋላ እንደተረከው፣ ዊሊያምስ የጭብጨባው ድምፅ ገና ከጆሮው ሳይወጣ በዚያ ሊፍት መውጣቱ ይበልጥ እንደሚከብደው ነግሮታል። በ1918 በጻፈው ጽሑፍ ላይም ጥቁር መሆን አሳፋሪ ሆኖ አላገኘሁትም፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይመች ነገር ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል።

ከ28ኛው በታች ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወንድማችን የራሱን ነገረን። ስደት እንደገባ አንድ ሆቴል ውስጥ ይሠራ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰ ሠራተኛ በፊት ለፊት በር አይገባም የሚል ደንብ ነበር። የገዛ እህቱ ሠርግ እዚያው ሆቴል ሆነ። ከሥራ ቀጥታ ወደ ድግሱ ሊገባ ሲል ዘበኛው በኋላ በር ላከው። ዞሮ ገባ። ሙሽራዋ በጓሮ በር ብቅ ሲልባት እየሳቀች አቀፈችው፤ ምን እንደሆነ አልነገራትም። የዊሊያምስን የሊፍት ታሪክ ሲያነብ ያ ምሽት ዓይኑ ላይ መጣ። 24ኛው ሰው፣ ያ ሸጠን ያለው፣ ከሥሩ ይቅር በለኝ ወንድሜ ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር በክር ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም።

30ኛው መላሽ ስለ ዊሊያምስ ሲወራ ሁሌ የሚጠቀሰውን ጠቀሰ። አብሮት ፎሊስ ላይ የሠራው ደብልዩ ሲ ፊልድስ፣ ካየኋቸው ሰዎች አስቂኙ ካወቅኋቸውም የሚያሳዝነው እሱ ነው ብሎ መስክሯል። ብዙ ሰው ልቡ ተነካ። 31ኛዋ ግን አልተነካችም፤ ተቆጣች። ተማሪዋ ናት፣ ያቺ 5ኛዋ። ይህ የፊልድስ ቃል ሰውየውን ቀብሮታል አለች። መቶ ዓመት ሙሉ ስለ ሐዘኑ ስናወራ ስለ ሥራው መነጋገር አቃተን። ያዘነ ሰው ሞልቷል። ሰው የሚያስቀው በማዘኑ አይደለም፤ በመቻሉ ነው። እጁን፣ ዓይኑን፣ ዝምታውን እንይ አለች። እኔ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ። ክሩ ላይ ከተባለው ሁሉ ትክክለኛው ይህ ይመስለኛል። ፎቶ አይተን ከምንጨቃጨቅ የቀረውን ፊልም እንይ።

ራሷም አልተወችውም። በ33ኛው ላይ «ኤ ናቹራል ቦርን ጋምብለር» የተባለውን የ1916 ፊልም መጨረሻ ከሰከንድ ሰከንድ ተረከችው። ፊልሙ የባዮግራፍ የፊልም ኩባንያ ነው። ዊሊያምስ ቁማርተኛ ነው፤ ፖሊስ ይይዘዋል፤ ዳኛው ያስረዋል። እስር ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ካርታ የለም። ጓደኛም የለም። ዊሊያምስ ግን ካርታውን ይበውዛል፤ ለሌሉት ሰዎች ያድላል። ጣቶቹ ካርታውን ሲገፉ ክብደቱ ይታያል። የደረሰውን ቀስ ብሎ ገልጦ ያያል። ደስ ይለዋል፤ ደስታውን ደግሞ ለመደበቅ ይታገላል። ከፊቱ ያለው የሌለ ሰው ገንዘብ ሲጨምር በጥርጣሬ ያየዋል። ይጨምራል። ይገለጣል። ይበላል። ሕልም ላይ እንኳ ተበላ!

ተማሪዋ ልብ በሉ ያለችው ይህን ነው። በዚያች ትርኢት ላይ የደቡብ አነጋገር የለም፤ ፊልሙ ድምፅ የለውምና። የሚያሾፍበት ዘርም የለም። ያለው ዕድሉን ሊገለብጥ የሚጥር አንድ ሰው ነው። ቡሹ ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፤ እሱ ግን ከቡሹ ሥር ሌላ ነገር እየሠራ ነው። ይህንን ጨዋታ ለዓመታት በመድረክ ላይ ሲያበስለው ኖሯል። 1ኛው ላይ አንጋፋው ያነሷት የአነጋገር ነገር የምትመጣው እዚህ ነው። ያንን ባዕድ አነጋገር ነጥቃችሁት እዩት፤ የሚቀረው የራሱ የሆነው ነው። አንጋፋው በ34ኛው ላይ ይህንን አጸደቁላት፤ ልጄ ሆይ ብለው ነው የጀመሩት።

35ኛው በዚያው ዓመት የተሠራውን «ፊሽ» አስታወሰ። ዊሊያምስ 40 ዓመት አልፎት ሳለ ዓሣ አጥምዶ ሊሸጥ የሚዞር ልጅ ሆኖ ይጫወታል። 36ኛው ያ ፊልም ደካማ ነው አለ። እኔም እስማማለሁ፤ ጎልማሳን ልጅ ማድረግ የዚያ ዘመን መጥፎ ልማድ ነው፣ ለዊሊያምስም አይመጥንም። 37ኛው ከዚህ ተነስቶ ያኔ እኛ አገር ሲኒማ ምን ላይ ነበር ብሎ ጠየቀ፤ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎት እንደነበር የሚያውቁ 3 ሰዎች ተረባርበው ነገሩት። ሰውየው ሌላ ክር እንዲከፍት ተመከረ።

ከዚያ 41ኛው መጣ። ኒውዮርክ የሚኖር ፊልም ወዳድ ነው። ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ስለተገኘ ፊልም ጻፈ። በ1913 ባዮግራፍ ዊሊያምስን ዋና ተዋናይ አድርጎ ከብዙ ጥቁር ተዋንያን ጋር ረጅም ፊልም ያነሳል። ሳይቀናበር ይቀራል። ኩባንያው ፈርሶ ዕቃው ሲበተን ሙዚየሙ ሪሎቹን፣ የፊልም ጥቅሎቹን ማለት ነው፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ይረከባል። ሳይታዩ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣሉ። በ2014 ለሕዝብ ቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገቡ። አሁን «ላይም ኪልን ክለብ ፊልድ ዴይ» በሚል ስም ይታወቃል።

ይህ ሰው ፊልሙን በዓይኑ አይቷል። ቡሽ የተቀባው ዊሊያምስ ብቻ ነው። ሌሎቹ በገዛ ፊታቸው ናቸው፤ በሚገባ የለበሱ፣ የሚጨፍሩ፣ የሚሽኮረመሙ ወጣቶች። ዊሊያምስ ኦዴሳ ዋረን ግሬይ ከምትጫወታት ቆንጆ ጋር በሚሽከረከረው የመጫወቻ ፈረስ ላይ ይሄዳል። ሲሰናበታት ይስማታል። ከንፈር ለከንፈር፣ ለቀልድ ሳይሆን ከልብ። ያኔ ሁለት ጥቁሮች በፍቅር ሲሳሳሙ በፊልም ማየት እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነበር። ሪሎቹ ስላልተቀናበሩ ከቀረጻ በፊትና በኋላ ያለውም አለ። ተዋንያኑ ሲጠብቁ፣ ሲሳሳቁ፣ ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ይታያሉ። 41ኛው ሰው ከሁሉ በላይ ያቺ የመሳሳቁ ቦታ አልጠግብ አለችው። ማንም እንዲስቅ ሳይፈልጉ የሚስቁ ሰዎች ናቸው ብሏል።

42ኛው አንድ ነገር አሰላ። ያ ፊልም የተቀረፀው ምኒልክ ባረፉበት በ1913 ነው። ንጉሡን መድረክ ላይ ያወጣው ሰው ካሜራ ፊት ሲስም ንጉሡ በጠና ታመው ተኝተው ነበር። ሰውዬው ከዚህ ሌላ ምንም አላለም፤ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ሄደ።

ክሩን የከፈተው ሰው በ43ኛው ላይ ተመለሰ። ፎቶውን አሁንም አልወደውም አለ። ይህ መብቱ ነው፤ ያ ፎቶ ሊወደድ አይገባውም። ነገር ግን ያቺን የእስር ቤት የካርታ ትርኢት ፈልጎ አይቷታል። እንኩራ ወይስ እንፈር የሚለው ጥያቄ ከሰውየው እንደሚያንስ ተረድቻለሁ፣ «አቢሲኒያ»ን ግን ጽሑፉን አግኝቼ ሳላነብ አልፈርድም አለ። 14ኛው ሰው፣ ያ ሌላ ሥራ ይሥራ ያለው፣ አሁንም አልተሸነፈም። በ44ኛው ላይ ጥሩ ተዋናይ መሆን ጥፋትን አያጥብም ብሎ ጻፈ። ማንም አልሰደበውም። እኔ አልስማማም፤ ጥፋቱን ያንን ቅርጽ በሠሩት ላይ ነው የማደርገው። ግን የእሱም ሐሳብ ክሩ ላይ መቀመጡ ደግ ነው።

45ኛው አሟሟቱን አነሳ። በየካቲት 1922 ዲትሮይት ላይ ታሞ እየሠራ ሳለ መድረክ ላይ ተዝለፈለፈ። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት ሳቀ። ወደ ኒውዮርክ ተወስዶ በመጋቢት 4 ቀን አረፈ። 47 ዓመቱ ነበር። 31ኛዋ ወዲያው ገባች፤ ይህንንም ደግማችሁ ደጋግማችሁ አትንገሩኝ፣ ስለ ሞቱ አንድ መስመር ይበቃል አለች። ትክክል ነች ብዬ በዚሁ አለፍኩት።

የመጨረሻው 46ኛው ነው። አንዲት አዲስ አባል ስለ አይዳ ኦቨርተን ዎከር ጠየቀች፤ የጆርጅ ዎከር ባለቤት፣ የኩባንያው ዋና ተወዛዋዥ። ባሏ ሲታመም ልብሱን ለብሳ የእሱን ክፍል ተጫውታለች። ስለ ሁለቱ ወንዶች 45 ምላሽ ተጽፎ ስለ እሷ አንድም አልተጻፈም አለችን። አንጋፋው አዲስ ክር ክፈቺ፣ እኔ እጀምርልሻለሁ አሏት። ተከፍቷል፤ እስካሁን 12 ምላሽ አለው።